የብራቾው መታሰሪያ የዛገባት መኪና ትጠገናለች ወይስ ትወገዳለች?

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው። መኪናቸው 17 ዓመት ያገለገለች አነስተኛ ኤስዩቪ ስትሆን፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለው ቀለም አረፋ ማውጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በቅርቡ ጎማ ለማስቀየር ከፍ ስትደረግ ክሪኩ የተደገፈበት የጎን ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጨማደደ። ሠራተኛው አለፍ ብሎ የኋላው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ከአካሉ ጋር የሚታሰርበትን ስፍራ በካቻቢቴ ሲነካው ደግሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰጠመ። አንድ ባለሙያ «ላሜራ ደርቦ መበየድና ከሥር ጥቁር ቀለም መቀባት ይበቃል» ሲሏቸው፣ ሌላው «ይህች መኪና አብቅቶላታል» ብለዋቸዋል። ሞተሩና ካምቢዮው ጤነኛ ስለሆኑ የትኛውን ማመን እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

ሁለቱም መልሶች ብረቱ ሳይከፈት የተሰጡ ስለሆኑ በአንዳቸውም አልስማማም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ካቻቢቴው የሰጠመበት ስፍራ ተጠርጎና ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ መኪናዋን አያሽከርክሯት፤ ወደ ጋራዥም ስትሄድ ተጭና ትሂድ። ከጎማው በላይ ያለው አረፋ የሚያሳዝን ቢሆንም ለጊዜው ማንንም አይጎዳም። የክሪክ መደገፊያው መጨማደድ ከዚያ ይከብዳል። የብራቾው መታሰሪያ ግን ጎማውን በቦታው ይዞ የሚያቆየው ስፍራ ነው፤ እሱ ሲለቅ የኋላ ጎማው በጉዞ ላይ አቅጣጫውን ይስታል፣ አሽከርካሪው መሪውን ቢያዞርም ሊያርመው የሚችልበት ዕድል ጠባብ ነው። ዝገት ስመረምር ከስፋቱ በፊት ስፍራውን የማየው ለዚህ ነው። በሯ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ቀዳዳ ያለባት መኪና አስቀያሚ ትሆናለች እንጂ ጎማዋ አይነቀልም፤ ብራቾ፣ የመሪ ሣጥን ወይም የደህንነት ቀበቶ በሚታሰርበት ስፍራ ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ መኪናዋን ለማቆም በቂ ምክንያት ናት።

ምክንያቱን ለመረዳት የመኪናዋን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። አነስተኛ ኤስዩቪዎች ሲታዩ የመስክ መኪና ቢመስሉም አብዛኞቹ እንደ ቤት አውቶሞቢል አካላቸውና ሻንሲያቸው አንድ ሆኖ የተሠሩ ናቸው። በከባድ የመስክ መኪና ላይ አካሉን ፈትተው ቢያነሱት ከሥሩ ራሱን የቻለ ወፍራም ሻንሲ ይቀራል፤ በእርስዎ መኪና ላይ ግን ሸክሙን የሚሸከሙት ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር የተዘረጉት የጎን ሣጥኖች፣ የጎማ ጉልላቶቹና ከወለሉ በታች የሚያልፉት ቁመታዊ ምሰሶዎች በአንድነት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ከቀጭን ላሜራ ተጣጥፈው በነጠብጣብ ብየዳ የተያያዙ ሲሆኑ፣ የውጭው ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቀጭን ብረት ጥንካሬ የሚያገኘው ከቅርጹ ነው፤ ዙሪያውን ሲዘጋ ሣጥን ይሆናል፣ ሣጥንም መጠምዘዝን ይቋቋማል። ስለዚህ ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ በቁመቱ ቢበላ ሦስት አራተኛ ጥንካሬ ቀርቷል ብሎ መጽናናት አይቻልም። የካርቶን ሣጥንን አንድ ጎን በምላጭ ሰንጥቀው በሁለት እጅ ቢጠመዝዙት ምን ያህል እንደሚላላ ይመለከታሉ፤ በጎን ሣጥኑ ላይ የሚደርሰውም ያው ነው።

ይህ የእርስዎ መኪና ብቻ ችግር አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ከ2007 እስከ 2011 የተሠሩ 564 ሺህ ገደማ ሲአር-ቪ መኪኖችን፣ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱም ጨዋማው ጭቃ ከኋላ በኩል ተጠራቅሞ የኋላ ብራቾ የሚታሰርበትን ምሰሶ ስለሚያዝገውና ብራቾው ሊነቀል ስለሚችል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ ፎርድም ከ2001 እስከ 2004 የተሠሩ ኤስኬፕ መኪኖችን የፊት ብራቾዎችን የሚሸከመው ንዑስ ሻንሲ ስለሚዝግ ጠርቷቸዋል። በሆንዳው ጥሪ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመፍትሔው ዓይነት ነው፤ መኪኖቹ መጀመሪያ ተመረመሩ፣ ከዚያም ማጠናከሪያ ብረት የሚገባላቸው፣ ምሰሶው የሚጠገንላቸው፣ እጅግ ከተጎዱም ኩባንያው መልሶ ሊገዛቸው የሚችል ተብለው ተለዩ። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት ሕመም፣ ነገር ግን ብረቱ ከታየ በኋላ የተለያየ ፍርድ ተሰጠ። የእርስዎም መኪና በሻንሲ ቁጥሯ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ እንዳለባትና እንደሌለባት የአምራቹን ወኪል ይጠይቁ፤ አልፎ አልፎ ባለቤቱ ሳያውቀው ለዓመታት የቆየ የነጻ ጥገና መብት ይገኛል።

አሁን ዝገቱ ለምን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደመጣ ላስረዳ። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ውኃው ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ሂደቱ በእጅጉ ይፋጠናል። ጨው ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ የገበታው ጨው ይህን የሚያደርገው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ በአንዳንድ መንገዶች ላይ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን ከ33 በመቶ ጀምሮ ውኃ ይስባል። ስለሆነም ዝናብ ሳይዘንብ፣ መኪናዋም ደረቅ መስላ ሳለች፣ በመገጣጠሚያዎቹ መካከል የተደበቀው ቆሻሻ ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሁለት ላሜራዎች ተደርበው በተበየዱበት ስፍራ ፋብሪካው መኪናዋን ነክሮ የቀባው ቀለም በሚገባ ስለማይደርስ፣ ውኃው በዚያች ቀጭን ክፍተት ይገባና አይወጣም። ዝገቱም ከቀደመው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራዎቹን እየገፋ ይለያያቸዋል፣ የብየዳውንም ነጠብጣብ ይበጥሳል። ከጎማው በላይ ያዩት አረፋ እንግዲህ የዚህ ግፊት የመጨረሻ ምልክት ነው፤ ቀለሙ ሲያብጥ ከኋላው ያለው ብረት ቀድሞ አልቋል።

ከዓመታት በፊት የከፈትኩት አንድ የጎን ሣጥን እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። መኪናዋ ከውጭ ቀለሟ የሚያበራ፣ ከሥርም በጥቁር የጎማ ቅብ በወጉ የተሸፈነች ነበረች፤ ባለቤቱም ቅቡን ለጥበቃ ብለው ከፍለው ያስቀቡት ነበር። መዶሻ ሳሳርፍበት ግን ድምፁ ደነዝ ሆነብኝና አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ አነሣሁት። ውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ ቡናማ ቅርፊት ነበር፤ በጣቴ ስስበው ቅጠል በቅጠል እየሆነ ይወጣል። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ርጥብ ጭቃ ተቀምጧል። የውኃ መውጫዎቹን ቀዳዳዎች ስፈልግ ሦስቱም በዚያው ጥቁር ቅብ ተደፍነው አገኘኋቸው። ውኃው ከላይ እየገባ ለመውጣት መንገድ አጥቶ ነበር። «ከሥር ጥቁር ቀለም መቀባት ይበቃል» የሚለውን ምክር ስሰማ የምቆጣው ይህን ስላየሁ ነው፤ የዛገ ብረት ላይ የሚቀባ ወፍራም ቅብ ዝገቱን አያቆመውም፣ ከዓይን ይሰውረዋል፣ እርጥበቱንም አምቆ ያስቀምጥለታል።

ምርመራው እንዴት መካሄድ እንዳለበት በዝርዝር ልንገርዎ፤ ጋራዥ ሲወስዷት አብረው ቆመው ይመልከቱ። መኪናዋ በተጨማደደው ጠርዝ ላይ በክሪክ እንዳትነሣ፤ በአራት ጎማዋ የምትቆምበት ሊፍት ላይ ትውጣ፣ ይህ ካልተቻለ ጤነኛነቱ በተረጋገጠ ምሰሶ ሥር ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይደረግላት። በመጀመሪያ ከሥሯ በሚገባ ታጥባ ትድረቅ፤ ጭቃ ባለበት የሚደረግ ምርመራ ዋጋ የለውም። ከዚያ ባለሙያው በትንሽ መዶሻ ከጤነኛው ስፍራ ጀምሮ ወደ ተጠረጠረው ስፍራ እየመታ ይሂድ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊትም ይረግፋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጎድ ብረት ካለ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ስፍራ መኖሩን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ማንሸራተት ይበቃል፤ ብረት በሌለበት ማግኔቱ አይዝም። የምንጣፉን ጠርዝ ከውስጥ አንሥቶ የደህንነት ቀበቶዎቹና ወንበሮቹ የታሰሩባቸውን ብሎኖች ዙሪያ ማየት አስፈላጊ ሲሆን ብዙዎች ግን ይዘሉታል። ወለሉ ከውስጥ ርጥብ ከሆነ ምንጩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያው የሚከፈት ከሆነ የውኃ ማውረጃ ቱቦዎቹ ተደፍነው ይሆናል። በሣጥኖቹ ውስጥ ደግሞ በቀዳዳዎቹ በኩል ቀጭን የካሜራ ገመድ ማስገባት ከመቁረጥ በፊት ብዙ ያሳያል።

የትኛው ዝገት አስጊ ነው ለማለት አንድ ጠቃሚ መለኪያ አለ። በብሪታንያ የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ የብራቾና የሌሎች ጎማ ተሸካሚ ክፍሎች፣ የመሪ፣ የፍሬንና የደህንነት ቀበቶ መታሰሪያዎች ዙሪያ እስከ 30 ሴንቲሜትር ያለው ሸክም ተሸካሚ ብረት በተለየ ጥብቅነት ይታያል፤ በዚያ ክልል ውስጥ መታሰሪያውን የሚያዳክም ዝገት ከተገኘ መኪናዋ ምርመራውን አታልፍም። የትም ይኑሩ የት ይህን 30 ሴንቲሜትር በጠመኔ አስምረው ቢያዩት ሐሳብዎን ያጠራልዎታል። ካቻቢቴው የሰጠመበት ስፍራ በእርግጠኝነት በውስጡ ነው። የተጨማደደው የክሪክ መደገፊያም ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ከሆነ ከዚያው ክልል የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በብዙ አነስተኛ ኤስዩቪዎች የጎን ሣጥኑ የኋላ ጫፍና የብራቾው መታሰሪያ ጎረቤታሞች ናቸውና።

በዚሁ አጋጣሚ የፍሬን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ያስመርምሯቸው። የብረት ቱቦዎቹ በነዳጅ ሰልባቲዮው አጠገብና በፕላስቲክ መያዣዎቹ ሥር ሳይታዩ ይዝጋሉ። ፍሬን በድንገት አጥብቀው ሲረግጡ በውስጣቸው ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቱቦው የሚፈነዳው እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያች ቅጽበት ነው። ምትክ ሲገባ ዝገትን የሚቋቋም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ቢሆን ይመረጣል።

ጥገናውን በተመለከተ፣ በትክክል ከተሠራ የብራቾ መታሰሪያ ሊድን ይችላል። ትክክል ማለት ግን የበሰበሰው ሁሉ የሚያንጸባርቅ ጤነኛ ብረት እስኪደረስ ተቆርጦ መውጣቱ ነው። በዛገ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ መደረብ ሁለት ጥፋት አለው፤ ብየዳው የሚይዘው ነገ በሚረግፍ ብረት ላይ ነው፣ በሁለቱ ላሜራዎች መካከልም አዲስ የውኃ መደበቂያ ይፈጠራል። የሚገባው ብረት ውፍረቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል ይሁን፤ አምራቹ ወይም ሌላ አቅራቢ ለዚህ ክፍል ተዘጋጅቶ የተቀረጸ ምትክ ካለው እሱ ይቅደም። ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሂድ፤ በመጀመሪያ የውስጡ ግድግዳና ማጠናከሪያው፣ በመጨረሻ የውጭው ሽፋን። ከመቆረጡ በፊት የመታሰሪያው ብሎን ቀዳዳ ከሌሎች የማይንቀሳቀሱ ነጥቦች ያለው ርቀት ከሁለቱም ጎን ይለካ፣ መኪናዋም በሚገባ ተደግፋ እንዳትጎብጥ ይጠበቅ። ጥቂት ሚሊሜትር የተዛነፈ መታሰሪያ ጎማውን አዛንፎ ይይዘዋል፤ ውጤቱም ጎማ የሚበላና በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን የምትስብ መኪና ነው። ከጥገናው በኋላ የአራቱም ጎማዎች አሰላለፍ መለካት ስላለበት፣ ይህ በሥራው ዝርዝር ውስጥ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

የብየዳው ዓይነትም ሊነገር ይገባዋል። በጋዝ እሳት መበየድ ለዚህ ዓይነት አካል አይሆንም፤ ሙቀቱ በሰፊው ስለሚሰራጭ ቀጭኑን ላሜራ ያጎብጠዋል፣ ጠንካራ ሆነው የተሠሩትንም ብረቶች ያለሰልሳቸዋል። በበር ምሰሶዎችና በአንዳንድ ማጠናከሪያዎች ውስጥ በሙቀት ተቀርጾ የጠነከረ ልዩ ብረት ሊኖር ስለሚችል፣ የት ተቆርጦ የት እንደሚበየድ ከአምራቹ የጥገና መመሪያ መታየት አለበት። በመከላከያ ጋዝ የሚሠራው የሽቦ ብየዳ በእርጋታና በአጭር በአጭሩ ከተሠራ ተስማሚ ነው። ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ምንጣፉና ድምፅ ማፈኛው ከውስጥ ይነሡ፣ ሰልባቲዮው ቅርብ ከሆነ ይውረድ። ለሠራተኞቹም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፣ ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ቢበየድ ደግሞ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ስፍራው አየር የሚያገኝ ይሁን፣ ማጽጃውም ክሎሪን የሌለው ይሁን።

ብዙ መልካም ጥገናዎች በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚበላሹት በመጨረሻው ደረጃ ቸል ስለሚባሉ ነው። የብየዳው ሙቀት በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ቀለም ያቃጥለዋል፤ ብረቱም ከውስጥ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ብየዳው ከቀዘቀዘ፣ መገጣጠሚያው ከታሸገና ውጭው ከተቀባ በኋላ ለሣጥን ውስጥ የሚረጨው ሰም በረጅም ቀጭን ቱቦ ወደ እያንዳንዱ ክፍተት መግባት አለበት፤ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹም ክፍት መሆናቸው በሽቦ ይረጋገጥ። ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚቀይሩት ፈሳሾች በታኒን ወይም በፎስፎሪክ አሲድ የሚሠሩ ሲሆን፣ ላይ ላዩን ለዛገ ወፍራም ብረት ይጠቅማሉ፤ የሳሳውን ግን አያወፍሩትም፣ ስለዚህ ለመታሰሪያው መፍትሔ ተብለው ቢቀርቡልዎ አይቀበሉ። የበሩና የኮፈኑ ጠርዝ እንዲሁም ከጎማው በላይ ያለው አረፋ በዚህ ሁሉ መካከል ሊቆይ የሚችል ሥራ ነው።

ታዲያ መቼ ትወገድ? ጉዳቱ በአንድ ጎን መታሰሪያና በጎን ሣጥኑ የኋላ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዙሪያውም ጤነኛ ብረት ካለ፣ እኔ ብሆን አስጠግናታለሁ። በሁለቱም ጎን መታሰሪያዎቹ ከተበሉ፣ የውስጠኛው ግድግዳም በሰፊው ካለቀ ሥራው ይበዛል፤ ያኔም ቢሆን ልምድ ያለውና የመለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ካገኙ ብቻ ይሞክሩት። ቁመታዊ ምሰሶው፣ የጎን ሣጥኑና የቀበቶው መታሰሪያ በአንድ ስፍራ አብረው ከበሰበሱ፣ ወይም መኪናዋ ከፍ ስትል በሮቹ መክፈትና መዝጋት ከከበዱ፣ አካሉ ቅርጹን ለቋልና ሁለተኛው ባለሙያ ትክክል ናቸው። በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን የሚጠብቁት እነዚሁ ሣጥኖችና ምሰሶዎች እንደሆኑም አይዘንጉ። የሞተሩን ጤንነት በዚህ ሚዛን ላይ አላስቀምጥም፤ ጤነኛ ሞተርና ካምቢዮ ተፈትተው ለሌላ መኪና ሊሸጡ ይችላሉ፣ አካሏ ግን ሳይጠገን ለሌላ አሽከርካሪ ተቀብቶ መሸጥ የለበትም።

ለማስጠገን ከወሰኑ፣ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ባለሙያው የበሰበሰውን ቆርጦ እንዲያሳይዎና ግምቱን ከዚያ በኋላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሳይከፈት የተሰጠ ዋጋ ለሁለታችሁም ጸብ ያመጣል። የውጭው ሽፋን ከመዘጋቱ በፊት የውስጡ ብየዳ በፎቶግራፍ ይነሣ፣ በሁለቱም ጎን የተለካው ርቀትም ከፎቶው ጋር ይሰጥዎ። ከዚያ በኋላ ጨው ባለበት መንገድ በሄዱ ቁጥር ሥሯን በንጹሕ ውኃ ያሳጥቡ፣ ሳትደርቅ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ አያስገቧት፤ ሙቀት ከእርጥበትና ከጨው ጋር ሲገናኝ ዝገቱን ስለሚያፋጥን ውጭ ብርድ ላይ ብትቆም ይሻላታል። በዓመት አንድ ጊዜም የሣጥኑን ሰም ያሳድሱ፣ በዚያውም የብራቾውን መታሰሪያ በመዶሻ አስመትተው ድምፁን ያዳምጡ።